በአፌ የያዝኩት እስፒል

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ይህ ደብተር የደንበኞች ልኬት መጻፊያዬ ነው። ከፊት ወገብና ትከሻ አለበት፤ ከኋላ ጀምሬ የራሴን እጽፋለሁ። ባሌ ኤርሳዶ የልኬት ደብተር አይገልጥም።

የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች በነሐሴ ለሚሽን ወደ ማላዊ ይሄዳሉ። ስድስት ናቸው፤ ልጄ እዝራ አንዱ ነው። አንድ ዓይነት ሸሚዝ እንድሰፋላቸው ተጠይቄአለሁ፤ አረንጓዴ፣ አንገቱ ላይ ጥለት ያለበት። ዛሬ ሱቅ መጥተው ለካኋቸው። ኢምፔሪያል ጋ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ግማሾቹ በእግራቸው፣ በዝናብ በስብሰው ነው የደረሱት።

ናኦሚ ከአራብሳ ድረስ መጣች። መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ለማላዊ ልጆች የዮናስን ታሪክ በድራማ ልታሳይ ነው፤ ሰው የሚገባበት ዓሣ ይስፉልኝ አለችኝ።

"ምን ያህል ትልቅ?"

"እኔን የሚውጥ።"

"አንቺንማ ሳርዲንም ይውጥሻል" አላት እዝራ።

ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። እዝራ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል። ምሕንድስና ተምሮ ከተመረቀ ዓመት አልፎታል፤ ሥራ የለም። ቀን ቀን ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ይተኛል። ከእንቅልፉ የሚነሳው እሑድ ቤዝ ጊታር ለመጫወት ነው።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

መጋቢ ገሰሰ ከስብከቱ በኋላ ስለ ጉዞው ተናገሩ። በፊተኛው ጉዞ ከሄዱት ሁለቱ እዚያው ቀርተዋል። "ወንጌል ላክን ብለን ስደተኛ ሸኘን" አሉ። "ዘንድሮ አንድ ሰው ቢቀር ከዚህ ቤት ሁለተኛ ወጣት አይላክም። ለሁላችሁም ነው የሚዘጋው።"

ጉባኤው አሜን አለ። እዝራን አየሁት፤ አሜን ብሏል። ኤርሳዶ ጫማውን ያይ ነበር። በመስከረም ለቤተ ክርስቲያን ሽምግልና ታጭቷል፤ ስለ እሱ እያሰበ ይሆናል።

ሐምሌ 10

ወንድሜ ላጲሶ ከጆሀንስበርግ ደወለ። ከሆሳዕና የወጣው ጎረምሳ ሳለ ነው፤ አሁን እዚያ የራሱ ሱቅ አለው። ከእኔ ጋር ሰላምታ ብቻ። ባሌ ግን ስልኩን ይዞ በረንዳ ወጣና በሀዲይኛ ብዙ አወሩ። "ከዚያ በኋላ የአንድ ሌሊት መንገድ ነው?" ሲል ሰማሁት። ኤርሳዶ ኤርፖርት ጭነት ክፍል ነው የሚሠራው። ስለ ጭነት ይሆናል።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

እዝራ ጥቁር ሱሪውን ይዞ መጣ። ከውስጥ፣ ከወገቡ ሥር፣ የማይታይ ኪስ ፈለገ።

"ለምን?"

"ለፓስፖርት። እዚያ ሌባ አለ ይላሉ።"

"አንተ ያልከኝ ጠባብ ነው፤ ፓስፖርት አይገባበትም።"

"ይገባል በቃ፣ እማ።"

"አፉን ዚፕ ላድርግበት?"

"ተዪው። አፉን እኔው እሰፋዋለሁ።"

ልጅ ሳለ ቁልፍ መትከል አስተምሬዋለሁ። ስፌቱ እስከ ዛሬ ዶሮ የጫረው ይመስላል።

ኪሱን ሰፋሁለት። እንዳይቀደድ ጨርቁን ደረብኩት።

ሐምሌ 15

ወፍራሙን ጃኬቱን አጥቦ አሰጣው። ማላዊ ይበርዳል እንዴ አልኩት። አየሩ ይለዋወጣል አለ። ጆሀንስበርግ ላይ ብርድ የሚሆነው አሁን ነው፤ ላጲሶ በየዓመቱ በዚህ ወቅት ያማርራል። ይህን ለምን እንደጻፍኩት እንጃ።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

የሴቶች ጸሎት ነበር። መጨረሻ ላይ መሪያችን እህት ብሩክታይት እንደ ልማዷ "የጸሎት ርዕስ ያላችሁ?" አለች።

እኛ ዘንድ ለባል የማይነገር፣ ለልጅ የማይነገር ነገር የሚነገረው እዚያ ነው፤ ስም ሳይጠራ። አንዷ ተነስታ "አንድ የማውቀው ሰው መጠጥ ጀምሯል" ትላለች። ባሏ እንደሆነ እናውቃለን። ዓይናችንን ጨፍነን ላንድ የምታውቀው ሰው እንጸልያለን። ማንም አይጠይቅም፣ እሷም አትዋሽም። ስንት ዓመት እንዲህ ኖረናል።

እጄን አወጣሁ።

"ከሚሽን ተጓዦቹ መካከል ላለመመለስ ያሰበ አለ። ጌታ ልቡን እንዲመልሰው።"

ድምፄ ደህና ነበር። ይገባቸዋል ብዬ ነው። ከተጓዦቹ የኔ ልጅ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ የማን ሊሆን ይችላል? ማንም ወደ እኔ ዞር አላለም። አጥብቀው ጸለዩ፤ እህት ብሩክታይት አለቀሰች። እኔም ቀለል አለኝ። ገርጂ ስወርድ ሙዝ ገዛሁ።

ሐምሌ 17

ሸሚዞቹን ቆረጥኩ። መብራት ጠፋ። ጥለቱ አንሷል።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

እህት ብሩክታይት ሱቅ መጣች። የሚዜ ቀሚስ የልብስ መስቀያ አሻንጉሊቷ ላይ አድርጌ፣ ተንበርክኬ ጠርዙን እይዝ ነበር።

"ያ ርዕስ ሸክም ሆነብኝ" አለች። "እንቅልፍ ነሳኝ። ስትለኪያቸው ነው የሰማሽው፣ አይደል? ተዪ፣ ስም አትጥሪ። እኔም አልጠራም። ገብቶኛል። ሥራዋን ለቃለች፤ እናት የላት፣ አባት የላት፤ ምን ብላ ትመለሳለች? ለመጋቢ ነግሬያቸዋለሁ።"

አፌ ውስጥ እስፒል ነበር። ስሠራ በከንፈሬ ነው የምይዘው፤ ደንበኞቼም ያውቃሉ።

"ሸክሙን ስላካፈልሽን ተባረኪ" ብላ ራሴን ሳመችኝና ሄደች።

ጠርዙን ጨረስኩ።

ሐምሌ 22

ናኦሚ ከጉዞው ወጥታለች። ምክንያቱን አልነገሯትም። "በጸሎት የተገለጠ ነገር አለ" ብቻ ተብላለች። አምስት ሆነው ይሄዳሉ።

ሥራዋን የለቀቀችው ገርጂ የተሻለ ትምህርት ቤት ስለቀጠራት ነው። ስለካት ነግራኝ ነበር። ከአራብሳ ሁለት ታክሲ መያዝ ቢሆንም ደስ ብሏት ነበር።

ሸሚዟ ተሰፍቶ አልቋል። ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው።

አልዋሸሁም። ማንም አልጠየቀኝም።

ሐምሌ 25

ኤርሳዶ የጋብቻ ቀለበቱን አላደረገም። ምነው አልኩት።

"ጣቴ አብጦ ነው።"

አየሁት። እብጠት አልታየኝም። ብርዱ ይሆናል።

እራት ላይ "ናኦሚ አሳዘነችኝ" አልኩ።

"ጌታ ሌላ በር ይከፍትላታል።"

"ያልሆነ ነገር ተወርቶባት ቢሆንስ?"

"የምታውቂው ነገር አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያ ምን ያስጨንቅሻል፣ አዝሚ?"

እዝራ አንገቱን ደፍቶ ይበላ ነበር። እሷን ለምን እንዳስቀሯት አያውቅም፤ ኮታ ተቀንሶ ነው ተብለዋል።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ናኦሚ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። እህት ብሩክታይት "ያው፣ ሲገለጥ ይሸሻሉ" አለችኝ፣ በጆሮዬ።

ሐምሌ 29

ዓሣውን ለመጨረሻ ጊዜ ልታስተካክልና ለእዝራ ልታሳየው ናኦሚ መጣች። ካስቀሯት በኋላ ዓሣው የሱ ሆኗል። ከላዩ ግራጫ፣ ከውስጡ ቀይ ነው፤ የውሃ ቱቦ ቆርጬ ክብ ክብ አድርጌ ስለሰፋሁበት ቆሞ ይሄዳል። ሱቁ ውስጥ ቦታ ስላልበቃው እዝራ ለብሶት በረንዳ ወጣ። አላፊ አግዳሚው እየቆመ አየው። አንድ የታክሲ ረዳት "ፍሬንድ፣ ጥብሱ ስንት ነው?" ብሎ ጮኸ።

"አትሩጥባቸው" አለችው ናኦሚ። "ትንንሾቹ መጀመሪያ ይፈራሉ። ቁጭ በልና አፍህን ክፈት። ራሳቸው ይገቡልሃል።"

"ከገቡ በኋላስ?"

"ቶሎ አትትፋቸው። ትንሽ ይጨነቁ።"

እዝራ ከዓሣው ውስጥ ሆኖ "አንቺ ብትሆኚው ይሻል ነበር" አለ።

"እኔንማ ሳርዲኑ ውጦኛል" አለች።

ማንም አልሳቀም።

እሱ ዓሣውን ሊያጣጥፍ ወደ ጓዳ ሲገባ ወደ እኔ ተጠጋች።

"እትዬ አዝመራ፣ የረቡዕ ጸሎት ላይ ነበሩ አይደል?"

"ነበርኩ።"

"ማነው ያነሳው?"

"ብዙ ሰው ነበር" አልኩ።

"ብዙ ሰው" አለች እሷም። ከዚያ የዓሣውን ዓይን አንስታ ክሩን ጠበቅ አደረገችው። "አዲሱ ትምህርት ቤትም ትንሽ ቆዪ ብሎኛል። ባለቤቱ የኛው ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው።"

ሻይ ልዘዝልሽ አልኳት። አልፈለገችም። ዝናቡ ሳያባራ ወጣች።

ብዙ ሰው ነበር ማለት ውሸት አይደለም። ነበር። ደጋግሜ ብቆጥረው ግን መልስ አልሆነም። ከሰዓት በኋላ መጋቢ ገሰሰ ጋ ለመደወል ስልኩን አነሳሁ። የምለውን አስተካከልኩት። "ልጄን ነው" ካልኩ እዝራም ይቀራል፣ ኤርሳዶም ከሽምግልናው ይወጣል። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። እዝራ ሲስቅ የነበረው ትዝ አለኝ። እዚያ ሥራ ያገኛል ብዬም አሰብኩ። ይህን አልሰርዘውም፤ አስቤዋለሁ።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ከጎኔ የሕፃናት ልብስ የሚሸጡት እትዬ ወለተማርያም ከቅዳሴ በፊት አይቀምሱም። የሱቆቻችን ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ ሲያዛጉ ይሰማኛል። ሥራ ስለሌላቸው ወንበራቸውን ይዘው መጡ።

"እናንተ ኃጢአታችሁን ለማነው የምትናገሩት?"

"ለእግዚአብሔር።"

"እሱማ ያውቀዋል። ለሰውስ? እኛ የንስሐ አባት አለን። ለአንድ ሰው ትነግሪያለሽ፣ ስገጂ ይልሻል፣ ትሰግጃለሽ፣ አለቀ። የናንተ በማይክ ነው አሉ።"

"እኛ የጸሎት ርዕስ ነው የምንለው።"

"እሱንማ ሰምቼዋለሁ። ያቺ ሴትዮ የመጣች ዕለት። አንቺ ግን አንድ ቃል ስትመልሺ አልሰማሁም።"

"አፌ ውስጥ እስፒል ነበር።"

እትዬ ወለተማርያም ወንበራቸውን ይዘው ተነሱ።

"እስከ ዛሬ?" አሉ።

ነሐሴ 5

ሸሚዞቹን አስረከብኩ። ስድስተኛው መደርደሪያው ላይ ነው።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ሸኘናቸው። ወደ ውስጥ ስለማያስገቡ መኪና ማቆሚያው ላይ ክብ ሠርተን ጸለይን። እዝራ ጥቁሩን ሱሪ ለብሷል፤ ጃኬቱን በክንዱ ይዞታል። ኤርሳዶ አቅፎት ቶሎ አልለቀቀውም። ልጁን እንዲህ ሲያቅፍ አይቼው አላውቅም፤ ሲመረቅ እንኳ እጁን ነው የጨበጠው።

መጋቢ ገሰሰ አጠገቤ ቆመው ነበር። "ዝናቡ በረታ" አሉ።

"አዎ፣ በረታ" አልኩ።

እዝራ ጉንጬን ሳመኝ። "እማ፣ አትጨነቂ፤ በደንብ ተኚ" አለኝ። ለሁለት ሳምንት የሚሄድ ሰው እንዲህ ይላል? ይላል። ለምን አይል።

ነሐሴ 13

ቡሄ። የሰፈር ልጆች እየዘፈኑ መጡ፤ ሙልሙል የለኝም፣ ብስኩት ሰጠኋቸው። የእዝራን አንሶላ አጥቤ መልሼ አነጠፍኩ። ከዚያ አንስቼ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ መልሼ አነጠፍኩ።

ነሐሴ 16

በቴሌግራም ፎቶ ላኩ። ሜዳ ላይ ነው። ዓሣው ቁጭ ብሎ አፉን ከፍቷል፤ አንዲት ሕፃን እስከ ወገቧ ገብታለች። ከዓሣው ሥር የእዝራ ጫማ ይታያል። ቅጂውን ለናኦሚ ልልክላት ስሟን አወጣሁና ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፋኝ።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ላጲሶ ደወለ። ኤርሳዶ ደረጃው ላይ ወጥቶ አነጋገረው። "አልመጣም ማለት ምን ማለት ነው?" ሲል ሰማሁ። ሲመለስ እራቱን አልነካም።

"ምን አለ?"

"ሰላም ነው።"

ስለ ጭነት ነው።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

አምስቱም ተመለሱ። እዝራ ከኋላ ነበር፤ ከፊት ያሉትን አየሁ፣ አየሁ፣ አላየሁትም፤ ከዚያ ጋሪ እየገፋ መጣ። ጠቁሯል። ጃኬቱ እንደተጣጠፈ ነው።

ቤት ገብቶ ሲተኛ ልብሱን ለማጠብ ለየሁ። የሱሪውን ኪስ ዳበስኩት። ያቺ ዶሮ የጫረው የምትመስለው ስፌቱ አንድ ክር ሳትላላ አለች። አልከፈተውም። በምላጭ ፈታሁት። የኤርሳዶ ቀለበት ነው።

እራት ሳቀርብ ቀለበቱን ከኤርሳዶ ሳህን አጠገብ አስቀመጥኩለት። አየው። እኔን አላየኝም። እንጀራውን ቆረሰ።

ነሐሴ 23

ጠዋት ቀለበቱ ጣቱ ላይ ነበር። እብጠቱ ጠፍቷል።

ኤርሳዶ ሥራ ከሄደ በኋላ እዝራ ሱቅ መጥቶ የእንጨቷ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

"ናኦሚን እንዴት እንዳስወጧት አውሮፕላን ላይ ነው የነገሩኝ። ያነሳሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ስለ እኔ?"

"ስለ አንተ።"

በጣቱ የጥለት ቁራጭ ይጠቀልል ነበር።

"የአጎቴ ሰው ጆሀንስበርግ ሊወስደኝ ያረፍንበት ድረስ መጥቶ ነበር" አለ። "ልጆቹ ዓሣውን ጭቃ በጭቃ አድርገውት እያጠብኩ ነበር። ነገ ና አልኩት። ነገ ደግሞ ሌላ መንደር ፕሮግራም ነበረን። በሦስተኛው ቀን ደውሎ ሰደበኝ።"

"ታዲያ በዓሣ ምክንያት ነው የተመለስከው?"

"እኔ እንጃ፣ እማ። ሁሌ ነገ እያልኩ ቀኑ አለቀ።" ቁራጩን ጣለው። "ብቀር ኖሮ ቢያንስ ሰው እኔ እንደሆንኩ ያውቅ ነበር። አሁን ሁላችንም ተመለስን። እሷ ናት ማለት ነው።"

ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ወይም አስቤው ነበር።

ከሰዓት እህት ብሩክታይት ደወለች። እሑድ የምስክርነት ፕሮግራም አለ። "ጌታ አስቀድሞ አሳየን። አንዷን አስቀረ፣ አምስቱን መለሰ። ርዕሱን ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ነሽ የምትመሰክሪው።"

እሺ አልኩ።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ነገ እውነቱን እንደምናገር ለኤርሳዶ ነገርኩት። ሶፋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

"ልጁን ከመዘምራን ያግዱታል።"

"ነግሬዋለሁ። አውቃለሁ ብሏል።"

"ሁሉ በሰላም ተመልሷል። ዝም ብትይ ማን ይጎዳል?"

"አንዲት ልጅ አራብሳ ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች።"

ቀለበቱን አዞረ፣ አዞረ።

"የኔንስ ትናገሪያለሽ?"

"ያንተን አንተ ትናገራለህ።"

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ተናገርኩ።

እህት ብሩክታይት አስተዋወቀችኝ፤ ማይኩን ሰጡኝ። የተጻፈ ነገር አልያዝኩም። "ስለ ተጓዦቹ የጸሎት ርዕስ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የጸለያችሁት ለኔ ልጅ ነው። ስሙን አልጠራሁም። ሌላ ሰው መስሏችሁ ናኦሚን ስታስቀሩ ሰማሁ፣ ዝም አልኩ። ራሷም ጠየቀችኝ፣ ብዙ ሰው ነበር አልኳት። ልጄ ተመልሷል። ናኦሚ መቅረት አስባ አታውቅም" አልኩ።

መጋቢ ገሰሰ ከልማድ ሃሌሉያ ሊሉ ጀመሩና "ሃሌ" ላይ ቆሙ። ኪቦርዱን የሚጫወተው ልጅ ምስክርነት ሲያልቅ እንደሚያደርገው ቀስ ያለ ዜማ ጀምሮ ነበር፤ ማን ያስቁመው፣ ቀጠለ። እዝራ ጊታሩን አውልቆ ከመድረክ ወረደና አጠገቤ ቆመ። ከኋላ አንዲት ሴት "ውይ" ስትል ሰማሁ። እህት ብሩክታይት ማይኩን ተቀብላኝ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ኤርሳዶ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ነበር። ሰው ሲወጣ ወደ መጋቢ ቢሮ ሲገባ አየሁት። ምን እንዳላቸው አልነገረኝም። አልጠየቅሁም።

ነሐሴ 27

እዝራ ታግዷል፤ እስከ መቼ እንደሆነ አልተባለም። በረቡዕ ጸሎት እንዳልመጣ ማንም አልነገረኝም፤ ግን ማንም አልደወለም።

ለናኦሚ ደወልኩ። አላነሳችም።

ነሐሴ 29

ደወልኩ። አላነሳችም። እትዬ ወለተማርያም በቆርቆሮው በኩል "እግር የለሽም?" አሉ። ነገ አራብሳ እሄዳለሁ ብዬ ሸሚዙን በፌስታል አድርጌዋለሁ።

ነሐሴ 30

ኢምፔሪያል ድረስ ሄጄ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ተመለስኩ። ዝናብ ነው ብል ነውር ነው። አልዘነበም።

ጳጉሜ 1፣ ቅዳሜ

ሱቅ እንደከፈትኩ ናኦሚ ገባች። ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራገፈች። በእጇ ሰማያዊ ጉርድ ቀሚስ ይዛለች።

"ይቅርታ ላደርግልዎት አልመጣሁም" አለች። "ልጣላዎትም አልመጣሁም። ሰኞ ኢንተርቪው አለኝ፣ ሲኤምሲ፣ ሌላ ትምህርት ቤት። ይሄ ረዝሞብኛል፤ ሌላ ሰፊ ደግሞ አላውቅም።"

"የገርጂውስ?"

"እሑድ ማታ ደውለው ነበር፣ ነይ ብለው። አልፈልግም አልኳቸው።"

መጋረጃው ጀርባ ገብታ ለብሳ ወጣች። ሸሚዙ ያለበት ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አየችው፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም፣ እኔም አልሰጠኋት። ተንበረከክሁ።

"ዓሣውን ይዘውት መጡ?" አለች ከላይ።

"እዚያው ትተውት መጡ። ለልጆቹ።"

"ዓይኑ አልወለቀም?"

"እዝራን እልክልሻለሁ፣ እሱ ይንገርሽ።"

"አይላኩት" አለች። ከዚያም፣ "ከፈለገ ራሱ ይምጣ።"

የእስፒሉን ሳጥን አነሳሁ። እንደ ልማዴ ጥቂቱን ወደ ከንፈሬ ሳደርስ አየችኝ። መለስኳቸው። ሳጥኑን ወለሉ ላይ አስቀምጬ አንድ አንድ እያነሳሁ ጠርዙን ያዝኩ። ጊዜ ወሰደ። ዙሪያውን እስክጨርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ልክ ነው?" አልኳት።

"ከጉልበቴ ዝቅ ይበል" አለች። ፈታሁትና እንደገና ጀመርኩ።